ቅቤዬና የእንድሪስ አሞርዛተር

ልጅ ቢያስቀይማችሁ ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቃችኋል፤ ውለታ ልዋልላችሁ ብሎ ቆርጦ ከተነሣ ግን አላህ ይሁናችሁ። ማን ዘንድ ሄዳችሁ ትከሱታላችሁ? እኔን ጉድ የሠራኝ የሚወደኝ ልጄ ነው።

ጥፋቱ ከኔ ይጀምራል፣ አልዋሽም። ከመኪና በወረድኩ ቁጥር «ወይ ወገቤ» እላለሁ። በኔ ዕድሜ ይኸ ሰላምታ ነው እንጂ ስሞታ አይደለም። የወገቧን ነገር የማታነሣ አሮጊት የት አይታችኋል? የመጨረሻው ልጄ እንድሪስ ግን፣ ከመርሳ ወልድያ ሰው የሚያመላልሰው፣ ቃሌን እንደ ፈትዋ ይዞት ኖሯል።

መኪናው እንዴት ያለች ነበረች መሰላችሁ። ጉድጓድ ስታገኝ ተነሥታ ትወርዳለች፤ ጉድጓዱ ካለፈ በኋላም እስኪበቃት ትነሣና ትወርዳለች። ተሳፋሪው ዚክር ላይ እንዳለ ሰው እየተወዛወዘ ነው ሲሪንቃ የሚደርሰው። ከሥሯ አሞርዛተር የሚሉት ብረት አለ፤ ውዝዋዜውን አፍኖ የሚያስቀረው እሱ ነው። እሱ አልቋል አሉ፣ ዘይቱንም አፍስሶ ጨርሷል።

አሁን ምስጢሬን ልንገራችሁ። ከመርሳ እስከ ወልድያ የኔን የፋጡማን ቅቤ የማያውቅ የለም። በምን እንዲህ ያምራል ሲሉኝ አንገቴን ሰበር አድርጌ «ትዕግሥት ነው» እላለሁ። ወላሂ ውሸቴን ነው። የወልድያ ገበያ ቀን እርጎውን ቅል ውስጥ እጨምርና፣ አፉን ጥርቅም አድርጌ አስሬ፣ ከኋላው ወንበር በላይ ካለችው የእጅ መያዣ አንጠለጥለዋለሁ። ከዚያ እተኛለሁ። ወልድያ መግቢያ ላይ ቅቤው ተሰብስቦ ድምፁ ሲከብድ እነቃለሁ። እንድሪስ እንኳ የማንጠለጥለው እንዳይደፋ ይመስለዋል። ጎረቤቴ ዘሀራ ብቻ አይታኝ በልጇ መኪና እንደኔ ማንጠልጠል ጀምራ ነበር፤ የልጇ መኪና ግን ደህና ስለሆነች ጠብ አላለላትም። ምክንያቱን ልነግራት ነበር እንዴ?

እንግዲህ ልጄ ከድጃ ወልድያ ላይ ወለደች። የባሏ እናት እትዬ ሐዋ ቅቤ አይታ የላሟን ዕድሜ የምትናገር ሴት ናት። እኔም አፌ አያርፍ፣ «በሰባተኛው ቀን ስም ሲወጣለት የአራሷ ቅቤ ከኔ ነው፤ ያኑ ዕለት የተናጠ፣ በዚህ ክንዴ» ብዬ በሰው ፊት ቃል ገባሁ። ሐዋ «እናያለን» አለች። እናያለን ምን ማለት እንደሆነ ልጅ የዳራችሁ ታውቁታላችሁ።

ሰባተኛው ቀን ማለዳ እንድሪስ ፊቱ እንደ ኢድ በርቶ መጣ። «እማ፣ ከዛሬ ወዲያ ወገብሽን አያምሽም» አለኝ። ያለቁትን አሞርዛተሮች አስወልቆ ከነሞላቸው አዲስ አስገጥሟል። ተራም አይደሉም፤ ስፖርት የሚባሉ፣ ጎረምሶቹ ለሩጫ የሚያስገጥሟቸው ናቸው። መኪናዋ ዝቅ ብላ ዕንቁላል የታቀፈች ዶሮ መስላለች። ይኸን ሁሉ ሰው ጭነህ ከማን ጋር ልትሮጥ ነው ስለው፣ ኩርባ ላይ አትዘነብልም አለኝ። ምን እላለሁ? መረቅሁት፤ ቅሌን አንጠልጥዬ ተደገፍኩ።

እንቅልፍ ከየት ይምጣ። መኪናዋ መወዛወዙን ትታ መንቀጥቀጥ ይዛለች፤ መንገዱ ላይ ያለውን ጠጠር አንድ ባንድ በአከርካሪዬ ትነግረኛለች። እርጎ ደግሞ መወዝወዝ እንጂ መንቀጥቀጥ አይወድም። ሲሪንቃ ላይ ጆሮዬን ለቅሉ ሰጠሁ፤ ምንም የለም።

«እንድሪስ፣ እስቲ ጉድጓድ ፈልግ» አልኩት።

«አሁንማ ጉድጓድ ቢኖርም አያነሣሽም» አለኝ፣ በኩራት።

«እንግዲያው ተመለስና ያቺን ትልቋን ድገማት።»

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልጄም ዕድሜ መጣባት ብሎ ይመስለኛል፣ ቀስ ብሎ መንዳት ጀመረ። ይባስ።

ሐዋ ቤት ሴቱ ተሰብስቦ ጠበቀኝ። ቅሉን ብፈታው እርጎው እንደገባ ነው። ሐዋ ጎንበስ ብላ አየችና «እትዬ ፋጡማ፣ ቅቤው ገና መንገድ ላይ ነው መሰለኝ» አለች። ሴቱ በሻሹ አፉን ሸፈነ። «ከናንተው ጋር ልንጠው ብዬ ነው» አልኩና ተቀመጥኩ።

ለስንት ዘመን ተኝቶ የናጠ ክንድ እንዴት ይሁን? ለሕፃኑ ስም ወጣ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሥጋው ተበላ፤ እኔ እንጣለሁ። የከሰዓቱ አስር ሰላት ካለፈ በኋላ የሕፃኑን አናት እንኳ የማያዳርስ ቅቤ ወጣ። ሐዋ ቅሉን ተቀበለችኝና «በክንዴ ነው የምንጠው ያሉኝ ሌላ ሴትዮ ይሆናሉ» አለችኝ፣ ክንዴን እያሸችልኝ። ማሸቷ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ።

በማግሥቱ በቀጥታ መርሳ፣ እንድሪስ ያስገጠመበት ጋራዥ ሄድኩ። አሮጌዎቹን አሞርዛተሮች መልስ አልኩት መካኒኩን።

«እማማ፣ እነዚያ ያለቁ ናቸው እኮ። ምን ያደርጉልዎታል?»

«ለማስታወሻ» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

«ተወስደዋል» አለኝ። «የዘሀራ ልጅ መኪናዬ ከሥር ይንቋቋል ብሎ መጣ። አዲስ ልግጠምልህ ስለው እናቱ ከኋላ ሆነው ‹የለም፣ የእንድሪስን ያለቁትን› አሉ። እኔም እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።»

ይኸው ሰሞኑን ገበያው ሁሉ የሚያወራው የዘሀራን ቅቤ ነው። ባለፈው ሴቶቹ ከበዋት በምን እንዲህ አማረልሽ ሲሏት እኔም እዚያው ነበርኩ። አየት አደረገችኝና፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ምን ብትል ጥሩ ነው?

«ትዕግሥት ነው።»