ብረት የፈራው ተማሪ

(የዩኒቨርሲቲው ወርክሾፕ። አጥኚው መሰላል ላይ ወጥቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ ለዲኑ የሚያሳየውን፣ የቧንቧ መስመር የሚመስል ሰፊ ሥዕል ግድግዳው ላይ ይለጥፋል፤ የገዛ ቢሮው ግድግዳ አልበቃውማ። የምህንድስና ተማሪ ከገባበት ቀን እስከሚመረቅበት እንዴት እንደሚጓዝ ሲያጠና አራት ዓመት ሆኖታል። ከብረት ጋር ግን እንኳን ሊዋደዱ ሰላምም አይባባሉ። የወርክሾፑ አስተማሪ ጋሽ መፍቻ መሰላሉን ይዘውለታል።)

ጋሽ መፍቻ፦ ተገልብጧል እያልኩህ።

አጥኚው፦ አልተገለበጠም ጋሼ።

ጋሽ መፍቻ፦ ውኃ ከታች ወደ ላይ ሲሄድ አይቼ አላውቅም።

አጥኚው፦ ውኃ ሳይሆን ተማሪ ነው። ይሄ ወፍራሙ መስመር አንደኛ ዓመት የገቡት ናቸው።

ጋሽ መፍቻ፦ እዚህ ጋ ምነው ቀጠነ?

አጥኚው፦ ሒሳብ ላይ የቀሩት ቀርተው ነዋ።

ጋሽ መፍቻ፦ ይቺ ከጎን የምታፈሰውስ?

አጥኚው፦ (ከመሰላሉ ወርዶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ) እሷ እንኳ የእርስዎ ወርክሾፕ ናት።

ጋሽ መፍቻ፦ የኔ ቧንቧ አያፈስም።

አጥኚው፦ መዝገቡ ያፈሳል ይላል። አንድ ተማሪ አለ፣ ቁጥር መቶ አሥራ አራት። ዘጠኝ ዓመት እዚህ ተመዝግቦ፣ ዘጠኙንም ጊዜ በሦስተኛው ሳምንት አቋረጠ።

ጋሽ መፍቻ፦ ምስኪን።

አጥኚው፦ ሙሉ ምዕራፍ ጽፌበታለሁ። ሕመሙንም «የብረት ፍርሃት» ብዬዋለሁ።

ጋሽ መፍቻ፦ ኧረ ብረትስ አይፈራም።

አጥኚው፦ ያውቁታል እንዴ? ማን ነው?

ጋሽ መፍቻ፦ ቅጽህ ላይ «ማንነት አይገለጽም» ይል የለ? ደንብ አላፈርስም።

አጥኚው፦ እሺ ስሙን ተዉት። መጠይቁን ግን በየዓመቱ ሞልቶልኛል፤ ይስሙኝ። (ወረቀት አውጥቶ ያነባል) «ለምን አቋረጡ?» ስለው፣ «አስተማሪው ያለኔ ሥራ አይሆንለትም» አለ።

ጋሽ መፍቻ፦ እውነቱን ነው። እሱ የቀረ ቀን አንድ ማሽን አይነሳም።

አጥኚው፦ ጭራሽ ያምናሉ! ተማሪውን ጉልበቱን ይበዘብዙታል ማለት ነው። «ከአስተማሪው ጋር ያለዎት ግንኙነት?» «አብረን እንበላለን፣ አብረን እናድራለን።» ጋሼ፣ ተማሪ ቤትዎ ያሳድራሉ?

ጋሽ መፍቻ፦ የት ይደርልህ ታዲያ?

አጥኚው፦ ባለቤትዎስ ምን ይላሉ?

ጋሽ መፍቻ፦ ሲያንኮራፋ ትነጫነጫለች እንጂ ከለመደችው ቆየች።

አጥኚው፦ (ወንበር ፈልጎ ይቀመጣል) ይሄኛውን ማንበብ ራሱ ይከብዳል። «አስተማሪው ጉዳት አድርሶብዎት ያውቃል?» «አምና አውራ ጣቴን በመዶሻ መታኝ። ይቅር ብዬዋለሁ።»

ጋሽ መፍቻ፦ (የጠቆረ አውራ ጣታቸውን እያሻሹ) ቂም ይዞ የት ይደረሳል ብለህ ነው።

(አጥኚው ጣታቸውን አያይም። አራት ዓመት ወረቀት ላይ የከረመ ዓይን ጣት አይታየውም።)

አጥኚው፦ እኔ እርስዎን አልጠላም ጋሼ። ግን ወርክሾፑ ይዘጋ ብዬ ጽፌያለሁ። ዲኑ ዛሬ ይፈርሙበታል።

(ጋሽ መፍቻ መሰላሉን ይለቁታል።)

ጋሽ መፍቻ፦ ይሄ ቤት ይዘጋ? ሠላሳ ዓመት ያረጀሁበት? ተው ልጄ፣ አታድርገው። እነዚህን ማሽኖች ከልጆቼ እኩል ነው ያሳደግኳቸው።

አጥኚው፦ ተማሪውስ? ለሱ ማን ይዘንለት?

ጋሽ መፍቻ፦ ለየትኛው ተማሪ? መቶ አሥራ አራት እኔ ነኝ።

(አጥኚው ወረቀቱን ያያል፣ ጋሽ መፍቻን ያያል፣ አሁን ገና ጣታቸውን ያያል።)

አጥኚው፦ እርስዎ?

ጋሽ መፍቻ፦ ከአሥራ አምስት ሰው በታች የተመዘገበበት ትምህርት ይዘጋል፤ ደንብ ነው። የኔ ተማሪዎች በየዓመቱ አሥራ አራት ናቸው። ሠራተኛ መማር ይችላል ሲባል አሥራ አምስተኛ ሆኜ ተመዘገብኩ። በሦስተኛው ሳምንት የተማሪ ቆጠራው ሲያልፍ እወጣለሁ። እያስተማርኩ ልማር እንዴ?

አጥኚው፦ መቶ አሥራ አራት ዕድሜው ስድሳ ሁለት ነው ይላል። የጽሕፈት ስህተት መስሎኝ ሃያ ስድስት ብዬ አረምኩት።

ጋሽ መፍቻ፦ ባለቤቴ ብትሰማ ምንኛ ደስ ባላት።

አጥኚው፦ (ጭንቅላቱን ይዞ) ምነው ቀደም ብለው ቢነግሩኝ?

ጋሽ መፍቻ፦ ማንነትዎን አይግለጹ ያልከኝ አንተ። ያውም በወፍራም ቀለም።

(አጥኚው እስክሪብቶ አውጥቶ «ይዘጋ» የሚለውን ይሰርዛል። ምዕራፉም አብሮ ይሄዳል።)

ጋሽ መፍቻ፦ ተመስገን።

አጥኚው፦ ምን ዋጋ አለው ጋሼ፣ እውነቱን ስጽፍ የእርስዎ ምዝገባም ይሰረዛል። ሰው የራሱ ተማሪ መሆን አይፈቀድለትም።

ጋሽ መፍቻ፦ አሥራ አራት ልንቀር ነዋ። (አጥኚውን ከእግር እስከ ራሱ ይመዝኑታል) አንተም ሠራተኛ ነህ አይደል?

አጥኚው፦ ነኝ። ኧረ በስማም ጋሼ፣ እኔ አልሆንም።

ጋሽ መፍቻ፦ ምዝገባው የሚያበቃው ዛሬ ነው።

(የሰው ቤት ሊያፈርስ አንድ ሰዓት የቀረው ሰው እምቢ የሚልበት አፍ ከየት ያመጣል? ይፈርማል።)

አጥኚው፦ እንግዲህ ቆጠራው እንዳለፈ በሦስተኛው ሳምንት እወጣለሁ።

ጋሽ መፍቻ፦ እኔ የምወጣው ትምህርቱን ስለማውቀው ነው። አንተ ምን ቤት ነህ? (ከጠረጴዛው ላይ ሞረድ አንስተው ያቀብሉታል) እንካ፣ ያዝ።

አጥኚው፦ (ወዲያና ወዲህ እያገላበጠ) ምንድን ናት?

ጋሽ መፍቻ፦ እሱ የአራተኛው ሳምንት ትምህርት ነው።