በሩ ባለ ቀለም

ባለፈው ሳምንት ከወልድያ ወደ ላሊበላ ስመጣ የሚኒባሱ ሾፌር አንድ ዘፈን ከፈተ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ትከሻዋን መነቅነቅ ጀመረች። ከኋላ ያሉት ወጣቶች እየተቀበሉ አጨበጨቡ። እኔ ብቻ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ለምን መሰላችሁ? ግጥሙን የጻፍኩት እኔ ነኛ! ቆይ፣ ገና አታድንቁ። ስለ ምን እንደሆነ አልነገርኳችሁም። ስለ ሽንት ቤት ነው።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላል፤ ከሥሩ ልጀምረው። ከላሊበላ ወጣ ብላ ያለችው ብልባላ የአማርኛ መምህር ነበርኩ። አገሬ ኮን ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ደብተር ሙሉ የፍቅር ግጥም ነበረኝ። ከአይጥ በቀር የደረሰበት አንባቢ አልነበረም፤ እሷም ግማሹን በልታ ተወችው። ታዲያ ክረምት ነው፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ሌላው መምህር ሁሉ ወደየአገሩ ገብቷል። እኔስ ለምን አልሄድኩም? በትርንጎ ምክንያት ነዋ።

ትርንጎ የአቶ ምስጋናው ልጅ ናት። የተከራየሁት ክፍል ከቤታቸው ፊት ለፊት ነበር። ቀኑን ሙሉ በራቸውን ሳይ እውላለሁ፤ ትወጣ እንደሆነ፣ ትገባ እንደሆነ። የበሩን ቀለም ከራሴ ሸሚዝ ቀለም የበለጠ አውቀው ነበር። አረንጓዴ። ሽማግሌም ልኬ ነበር። አቶ ምስጋናው ኩሩ ሰው ናቸው፤ እሺም እምቢም አላሉም። «አሸንድዬው ይለፍና ተመለሱ» ብለው ሽማግሌዎቹን ሸኟቸው። እንግዲህ ኑሮዬ በሙሉ በዚያች ቀጠሮ ላይ ተንጠልጥሏል።

አሸንድዬን ታውቁታላችሁ። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ልጃገረዶቹ ሹሩባ ተሠርተው፣ ያንን ረጅም ለምለም ሳር ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ እየመቱ በየደጁ ይዞራሉ። በሩን የከፈተ ይሞገሳል። የዘጋ ወየውለት! አንድ ጎረቤታችን ልጆቹ ሲመጡ የለም በሉ ብሎ አልጋ ሥር ገባ። እነሱ ታዲያ የሚታየው የእግሩ ጣት ስንት እንደሆነ ሳይቀር ገጥመው ሄዱ። ሰውዬው እስከ መስቀል ድረስ ጫማውን ሳያወልቅ ኖረ ይላሉ።

ያን ዓመት ግን ከወረዳ አንድ ካድሬ መጣ። ጨዋታው ከደጅ ወጥቶ ላሊበላ ከተማ መድረክ ላይ ሊሆን ነው። ድምፅ ማጉያ አለ፣ ጀነሬተር አለ፣ ቀበሌ ከቀበሌ ይወዳደራል፣ ዋንጫም አለ። ግጥሙ ደግሞ ልማታዊ ይሁን ተባለ። እዚያ አካባቢ የቀረሁ መምህር እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ እርከን፣ ስለ ችግኝ፣ ስለ ሽንት ቤት አሥራ ሁለት ግጥም እስከ ዓርብ አድርስ አለኝ። በፍቅር የተቃጠለ ሰው ስለ ማዳበሪያ ምን ይገጥማል? አሥራ አንዱን እያማጥኩ ጻፍኩ። አሥራ ሁለተኛዋ ግን ራሷ መጣች፦

ቤቱ ቆርቆሮ ነው፣ በሩ ባለ ቀለም፤
ጓሮው ቢዞሩበት፣ አንዲት ጉድጓድ የለም።

ደስ አለችኝ። ወረቀቱን አጥፌ ለዝናሽ ሰጠኋት። ዝናሽ የብልባላ ልጃገረዶች አውራጅ ናት፤ ድምፅዋ ከበሮውን ይሸፍነዋል። ደግሞም የትርንጎ የልብ ጓደኛ ናት።

ቀኑ ደረሰ። አገሩ በሙሉ ሜዳው ላይ ወጥቷል። አቶ ምስጋናውም በቅሏቸውን ጭነው መጥተው ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ከፊት ተቀምጠዋል። ዝናሽ መድረኩ ላይ ወጣች። ማዳበሪያውን ጠበቅኩ፤ የለም። ችግኙን ጠበቅኩ፤ የለም። አሥራ አንዱን ጣለችና አሥራ ሁለተኛዋን ብቻ ያዘች። ልጆቹ ተቀበሏት። ለምን እሷን ብቻ? ይኼ ጥያቄ ለዓመታት ሲበላኝ ኖሯል።

እንግዲህ ልጠይቃችሁ። ያኔ ብልባላ ውስጥ ስንት ባለ ቀለም በር ነበር? አንድ! ይህን መቼ አሰብኩት? እዚያው ሜዳ ላይ፣ የብልባላ ሰው በሙሉ አንገቱን ወደ አቶ ምስጋናው ሲያዞር። ከልብ የተረፈውን አፍ ይናገራል አይደል የሚባለው? ዓይኔ በሩ ላይ ሲውል ብዕሬም ተከትላ ሄዳለች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የድምፅ ማጉያ ወለምታ ደግሞ በምን ይታሻል?

አላበቃም። ካድሬው ማይክሮፎኑን ይዞ «ይህን የመሰለ ልማታዊ ግጥም ላዘጋጁልን ለመምህር» ብሎ ስሜን ሊጠራ አፉን ከፈተ። ይኼኔ የነሐሴ ዝናብ ዱብ አለ። ጀነሬተሩ ጠፋ። ሰው ተበተነ። ዝናብ እንደዚያን ቀን ወድጄ አላውቅም። ካድሬውም ጳጉሜን ሳይገባ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረልኝ፤ በሄደበት ይቅናው።

አቶ ምስጋናው ግን ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። በማግስቱ ዝናሽን አስጠርተው ማን ነው የገጠመው ብለው አፋጠጧት። እኔ በሬን ገርበብ አድርጌ እሰማለሁ። አንዲት ቃል ከአፏ ብትወጣ ትርንጎን ዳግመኛ በመስኮትም አላያት።

«አያ ምስጋናው» አለቻቸው፣ «ምነው እርስዎም! የአሸንድዬ ግጥም ከሳሩ ጋር ነው የሚታጨደው። ማን ዘራው ተብሎ ይጠየቃል እንዴ?»

ለቀቋት። ባህል ነው፣ ምን ይበሉ? እኔም ሄጄ አልጋዬ ላይ ተዘረርኩ፤ እፎይ!

በሦስተኛው ቀን አቶ ምስጋናው ዶማ ይዘው ጓሮ ገቡ። ኅሊና መጥፎ ነው፤ አላስቀምጥ አለኝ። ሄጄ ላግዝዎት አልኩ። ደስ አላቸው፤ አስተማሪ ሆኖ ዶማ የሚይዝ አላየሁም አሉ። እኔ ከታች እቆፍራለሁ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቴ ደርሷል። እሳቸው ከላይ ሆነው አፈሩን በቅርጫት ይስባሉ።

«መምህር» አሉኝ ወደ ታች እያዩኝ፣ «ያንን ገጣሚ ባገኘው እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ከትቼ አፈር ነበር የምመልስበት።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። ቅርጫቱ ሞልቶ በእጃቸው ላይ ነው።

«ልክ ብለዋል» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ ነገር አልበዛም። «ጉድጓዴን የቆፈረ ልጅ ነው» ብለው ፈቀዱ። ጥር ላይ ተጋባን። ሠርጋችን ላይ ምን የተዘፈነ ይመስላችኋል? እሷው ናታ! ሙሽራው አላጨበጨበም ብለው አሙኝ።

ከዚያ በኋላማ ግጥሟ እግር አወጣች። በየሠርጉ፣ በየገበያው፣ አህያ የሚነዳው ሁሉ። በዓመቱ ከአዲስ አበባ የመጣች ዘፋኝ መድረኩ ላይ ሰምታ ወሰደቻት። ድሮ ዘፈን በካሴት ተጭኖ ከአዲስ አበባ ነበር የሚመጣልን፤ መድረኩ ከተተከለ ወዲህ መንገዱ ተገለበጠ። ሳሩ ሳይቀር በላስቲክ ተሠርቶ አዲስ አበባ ሠርግ ላይ ይታሰራል አሉ። እዚህም አንድ ሆቴል ለምለሙን ሳር ዘበኛው ወገብ ላይ አሳስሮ ነበር፤ በሬ እየተከተለ አስቸገረውና ተወው። በሬዲዮ ደግሞ አንድ አዋቂ «ጉድጓድ» ማለት የልብ ጥልቀት ነው ብለው ተነተኑ። ጭቃው ውስጥ ቢቆሙ ኖሮ ያውቁት ነበር።

አማቼስ? ቪዲዮ የሚያነሱ ሰዎች በራቸውን ፍለጋ መጡ። የዚያን ቀን ቂማቸው በነነ። አሁን በየነሐሴው በሩን አረንጓዴ ያስቀቡታል። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ በሩን፣ ቀጥሎ ጉድጓዱን ያሳያሉ።

ይኼን ሁሉ ሳይ ድፍረት መጣብኝ። ዘንድሮ እንቁጣጣሽ እሳቸው ቤት ምሳ ተጋብዘን ጠላው ደጋገመኝ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንዲሉ፣ አባባ፣ ያንን ግጥም የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። አማቼ ብርጭቆውን አስቀመጡና አዘኑብኝ።

«ልጄ፣ ነውር ነው። የአባቶችን ዘፈን የእኔ ነው ይባላል? አያቴ ሲያንጎራጉሩት ሰምቼ ነው ያደግሁ።»

«በአያትዎ ዘመን ቆርቆሮ ነበር እንዴ?» አልኩ።

ብርጭቆውን መልሰው አነሱ።

«ዘፈኑ ቀድሞ መጣ» አሉ። «ቆርቆሮው ነው የዘገየ።»

እንዲህ ሆኖ ነጻ ወጣሁ። ስንት ዓመት የፈራሁትን ጥፋት ብናዘዝም የሚቀበለኝ አጣሁ። ወደ ቤት ስንመለስ ሸክሜ ቀለለኝና በመንገዱ ላይ ዘፈኗን አንጎራጎርኩ። ትርንጎ ሳቋን ልትይዘው አልቻለችም።

ምነው አልኳት። ዝናሽ ወረቀቱን የሰጠኋት ዕለት በቀጥታ ወደ እሷ ይዛ እንደሄደች፣ ሁለቱ እህል እየለቀሙ አሥራ ሁለቱንም እንዳነበቡ ነገረችኝ። እኔ በሬን ገርበብ አድርጌ ስንቀጠቀጥ እሷ ሁሉን ታውቅ ኖሯል! ታዲያ አባትሽን ስትሰድብ ለምን አልከለከልሻትም አልኳት።

«ከልክዬ?» አለች። «እኔና እማዬ ስንት ዓመት ለምነነው አልቆፍርም ያለ ሰው! ለእሱ ምን አለበት፣ ጫካው ሰፊ ነው። እኛ ነን ቀኑን ሙሉ ይዘን ጨለማ የምንጠብቀው። ይችን ዝፈኛት ያልኳት እኔ ነኝ።»

ያ የዓመታት ጥያቄዬ ትዝ አለኝና፣ አሥራ አንዱንስ ለምን ጣላችኋቸው ብዬ ጠየቅኳት።

«እነሱማ» አለች ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «አይረቡም ነበር።»