ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰርቨር

ዛሬ ዓለም ባንክ ሰፈር ባለችው ትንሽ ቢሮዬ ሞኝነቴን አስመሰከርኩ። የኮምፒውተር ባለሙያችን ሕይወት «አባባ፣ ኢሜይሉ ራሱ ይምጣ ወይስ ሰርቨራችን፣ ይሄ መልእክት የሚቀበለው ኮምፒውተር፣ እየሄደ ያምጣ?» አለችኝ።

«የተከበረ ቤት እንግዳ ይጠብቃል እንጂ ደጅ ለደጅ አይዞርም!» አልኳት ጉሮሮዬን ጠርጌ።

ከምሳ በኋላ መብራት ጠፋ፤ ሰርቨሩም አብሮ ጠፋ፤ መብራት ቢመለስም ሄዶ የሚያመጣው ስለሌለ የደንበኞቻችን ኢሜይል ሁሉ ደጅ ቆሞ ቀረ።

«እዩት እንግዲህ ክብርዎን!» ብላ ሳቀችብኝ።

ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ «የሚያስታውሰኝ ጠፋ» የሚል፣ እሱ ግን ለማንም የማይደውል ሽማግሌ ገጥሟችሁ ያውቃል? ታዲያ እኔ ነኛ! ባለቤቴ ስታርፍ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ከጎኔ ያልተነሳው የአስኮው ወዳጄ ባለፈው ወንድሙን ቀበረ። «ራሱ አልነገረኝም» ብዬ አኩርፌ ለቅሶ ሳልደርስ ቁጭ አልኩ።

ሰርቨሩስ ሕይወት አስተካክላው ማታውን እየሄደ ማምጣት ጀመረ። እኔ ግን አሁንም አስኮ ላይ አንድ ለቅሶ አለብኝ።