የሐጂ ዑመር ተሟጋች ተከራይ

ተሟጋች ተከራይ የሌለበት ሰፈር ካለ፣ ያ ሰፈር ገና አልተቆረቆረም ማለት ነው። ግንብ የሚንድ ዝናብ መጥቶ ይሄዳል፤ አንበጣም መጥቶ ይሄዳል፤ ተሟጋች ተከራይ ግን መጥቶ ይቀመጣል። በሐረር፣ በጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ለሽማግሌው ለሐጂ ዑመር የደረሷቸው ክቡር አቶ እንደሻው ናቸው፤ መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ ልብስ ሰፊ፣ የወይዘሮ ገላነሽ ባል፣ በገዛ ፈቃዳቸው የሕግ ሊቅ።

አቶ እንደሻው በሐጂ ግቢ አንዲት የድንጋይ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ የታተመ ጊዜ፣ ለልጆቻቸው ጫማ ሳይገዙ እሱን የገዙ ሰው ናቸው። ሱሪ ሊለካ የመጣ ደንበኛ ወገቡን ሳይሆን መብቱን ይለካል። ሱሪው ሳይሰፋ፣ ሰውየው ወንድሙን በርስት ሊከስ ቆርጦ ይወጣል።

የጎረቤታቸውን የለማን አውራ ዶሮ ያለ ሰዓቱ ይጮኻል ብለው አጥቢያ ዳኛ ፊት አቆሙት። ለማ ዶሮውን አርዶ ሲገላገል «ማስረጃ አጠፋ» ብለው ዳግመኛ ከሰሱት። የዕድሩ ሰብሳቢ ወርቁ «ስብሰባው ተዘግቷል» ባለ ቁጥር «በምን ሥልጣን?» እያሉ አባላቱን ዝናብ አስመትተዋል። ሽንኩርት ሻጯ ሐሊማ ከሩቅ ስታያቸው ሚዛኗን በነጠላዋ መሸፈን ከጀመረች ቆይታለች።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ሐጂ ዑመር ይወዷቸው ነበር። እሳቸው መካ በሄዱበት ዓመት አንድ ባለጸጋ ጎረቤት አጥሩን ወደ ሐጂ ግቢ ሊገፋ ግንበኞች አሰማራ። አቶ እንደሻው የተቆፈረው መሠረት ውስጥ ገብተው ቁጭ አሉና «በሕግ አምላክ!» አሉ። ግንበኞቹ መዶሻቸውን አስቀመጡ። ሐጂ ሲመለሱ አጥሩ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። «ለድካምህ ምን ልስጥህ?» ቢሏቸው፣ «ፍትሕ ይሸጣል እንዴ፣ ሐጂ!» ብለው ተቆጡ።

ኋላ ግን ኪራዩ ቆመ። ሐጂ ታግሰው ታግሰው አንድ ቀን ጠየቁ።

«ኪራይ አልከለከልሁም» አሉ አቶ እንደሻው። «ግን የአፈር ጣራው በክረምት አፍስሷል። የሚያፈስ ጣራ ኪራይ አይጠይቅም።»

«ያ ረቢ! በሐምሌ ጠግነነው የለም እንዴ? አሁን እኮ ኅዳር ነው።»

«መጠገኑን በሕግ አላስታወቁኝም።»

«መሰላሉን የያዝክልኝ አንተ አይደለህ?»

«መሰላል መያዝ መስማማት አይደለም።»

ሐጂ በዕድሜያቸው ሰው ከስሰው አያውቁም። የጫት ጓደኞቻቸው «ቤትህን ሊወርስህ ነው» እያሉ ሲነዘንዟቸው ግን ከሰሱ። የቀጠሮ ዕለት ከሳሽና ተከሳሽ አብረው በግንቡ የሸዋ በር ወደ ፍርድ ቤት ይወጣሉ፤ አብረው ይመለሳሉ። ሲመለሱ አቶ እንደሻው ከሳሻቸውን ይወቅሳሉ።

«ዛሬ ክርክርዎ ደካማ ነበር። ስለ ጣራው ምስክር መጥራት ነበረብዎት።»

«ማንን ልጥራ?»

«አፈር ያቀበለዎትን አደምን ነዋ!»

ሐጂ ምክሩን ሰምተው አደምን ጠሩት። አቶ እንደሻው ተነሡና «አፈሩ ከየት መጣ? ማን ቆፈረው? ስታቀብል ወደ ላይ ታይ ነበር ወይስ ወደ ታች?» እያሉ ምስኪኑን የገዛ ስሙን እስኪጠራጠር አደረሱት።

አንድ ጠዋት ሐጂ በመኪና ግርግር ሲያልፉ አቶ እንደሻው ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ፊታቸው የስፌት መኪና የለም። በባቡር ድሬዳዋ የሚራገፈው የተሰፋ ልብስ ከረከሰ ወዲህ የስንቱ ሰፊ መኪና እንደተሸጠ ሐጂ ሰምተዋል፤ የእኚህን ግን አልጠረጠሩም ነበር። እንዳይታዩ ቶሎ ብለው በሌላ መንገድ ታጠፉ። ለካ ሰውየው ሕግ ሲጠቅስ የከረመው «የለኝም» ማለት አልወጣ ብሎት ነው።

ማታውኑ «ክሱን ትቼዋለሁ» አሏቸው።

አቶ እንደሻው ብድግ አሉ። «ምጽዋት ሊሰጡኝ ነው? ክሱን የተዉ ዕለት ቤቱን ለቅቄ እሄዳለሁ! እኔ በክርክር እንጂ በምሕረት አልኖርም።»

ሐጂ «አስተግፊሩላህ» ብለው ክሱን ቀጠሉበት። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ቢምሩትም ጣጣ፣ ቢከሱትም ጣጣ።

የፍርዱ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ ፍርድ ቤቱን ሞላው። ዳኛው ፈረዱ፤ ተከራዩ ቤቱን ዛሬውኑ ይልቀቅ።

«ይግባኝ!» አሉ አቶ እንደሻው።

«መብትህ ነው። ይግባኙ እስኪታይ ቤቱ ውስጥ መቆየት ከፈለግህ ግን ዋስ ጥራ።»

አቶ እንደሻው ወደ ኋላ ዞሩ። ለማ ጫማውን አየ። ወርቁ ጣራውን አየ። ሐሊማ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች። ከሰፈሩ ሁሉ ጋር ተሟግተው ሁሉንም ረትተዋል፤ ዛሬ ዋስ የሚሆናቸው አንድ ሰው ጠፋ። ሐጂ ወይዘሮ ገላነሽን አሰቧት። ጠዋት ሲወጡ ፍራሹን ጠቅልላ በገመድ ስታስር አይተዋታል።

ሐጂ ዑመር ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «እኔ ዋስ ነኝ።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ሐጂ፣ ከሳሹ እርስዎ አይደሉ?»

«ነኝ።»

«የረቱትስ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ እኔው ነኝ።»

«ታዲያ ላስወጡት ሰው እንዴት ዋስ ይሆናሉ?»

«ዋስ ማለት ሰውየው ሲፈለግ የት እንዳለ የሚያውቅ ነው። ወላሂ፣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ያለው ቤቴ ውስጥ ነው!»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛውም ሳቃቸውን በሳል ደብቀው «ይመዝገብ» አሉ።

ሁለቱ አብረው ተመለሱ። ጀጎል ከገቡ በኋላ አቶ እንደሻው ቆም አሉ።

«ሐጂ፣ ልንገርዎት። ከሳሽ ለተከሳሽ ዋስ ሆኖ አያውቅም። የበላይ ዳኛ ቢያየው ያፈርሰዋል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

አቶ እንደሻው ቀኝና ግራ አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኔ አልናገርም።»

ሐጂ ከዚያ አፍ እንዲህ ያለ ቃል ሲወጣ ሰምተው አያውቁም። እንባቸውን በጥምጣማቸው ጫፍ ጠረጉና ከዘራቸውን እያንኳኩ ቀድመው ወደ ግቢው ገቡ።

«ገላነሽ፣ ልጄ፣» አሉ፤ «ፍራሹን ፍቺው።»