ዶቶሬ ኤርሜስ ያልወጡበት ማማ

በዓለም ላይ ያለ ያረጀ ከተማ ሁሉ ከግንቡ፣ ከደወሉና ከእርግቡ ሌላ የግድ አንድ ነገር ይኖረዋል፤ እንግዳ ባየ ቁጥር «ካላስጎበኘሁ ሞቼ እገኛለሁ» የሚል ሽማግሌ። ማንም አልቀጠረውም፣ ማንም አልለመነውም፣ ከእጁ የሚያመልጥ ግን የለም። ሮማ ውስጥ እንዲህ ያሉት በሽ በሽ ናቸው ይባላል። የኛ ቦሎኛ ያላት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ይተርፋታል። የኔ ዕጣ ሆኖ ደግሞ የምኖረው ልክ ከሳቸው በታች ባለው ፎቅ ነው።

ክቡር ዶቶሬ ኤርሜስ ቬንቱሮሊ ይባላሉ። «ክቡር» የምትለው የኔ ጭማሪ ናት፤ «ዶቶሬ»ም ብትሆን የሰፈሩ ጭማሪ ናት። በኛ አገር ዶቶሬ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው ነው፤ እሳቸው ደግሞ አልጨረሱም። ሕግ ተምረው ተምረው አንድ ፈተና ሲቀራቸው አባታቸው ሽባ ሆኑና የጫማ መደብሩን ተረከቡ። የሮማውያን ሕግ የሚባለው ያ ፈተና እንደቀረ ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን «አልታደልኩም» ብሎ ይተወው ነበር። እሳቸው ግን በየመከሩ ከልጅ ልጆቻቸው እኩዮች ጋር ተሰልፈው ምዝገባቸውን ያሳድሳሉ። እዚህ ምዝገባውን ያሳደሰ ሰው ፀጉሩ ቢሸብትም ጥርሱ ቢረግፍም ተማሪ ነው። መደብሩ ተሸጠ፣ ሚስታቸው ሞቱ፣ ጡረታ ወጡ፤ ተማሪነታቸው ግን ንቅንቅ አላለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ማለት ይህ ነው።

ጉዳቱ ለሳቸው ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ነገር ግን በቦሎኛ ሳይመረቅ ከመሃል ከተማው ሁለት ማማዎች ረጅሙ ላይ የወጣ ተማሪ መቼም አይመረቅም። ዋናውን አደባባይ በመሃል ሰያፍ አቋርጦ የሄደም እንደዚያው። ይህን ጡት ያልጣለ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ሌላው ተማሪ አራት አምስት ዓመት ተጠንቅቆ፣ ለተመራቂ የሚሆነውን የሎሬል ቅጠል አክሊል ደፍቶ፣ ማማው ላይ እየጨፈረ ወጥቶ ይገላገላል። ዶቶሬ ኤርሜስ ግን ዕድሜ ልካቸውን ሲጠነቀቁ ኖሩ። ብቻቸውን ቢጠነቀቁ መልካም ነበር፤ እንግዳውንም ያስጠነቅቃሉ።

የእህቴ ባል ሲልቫኖ ከቶሪኖ የመጣ ጊዜ ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር። የባሕር አምላክ የኔፕቱን ሐውልት የቆመበት ምንጭ ከአደባባዩ ማዶ ወለል ብሎ ይታያል። ሲልቫኖ ወደዚያው ቀጥ ብሎ ሊሄድ አንድ እግሩን እንዳነሣ ዶቶሬ ክንዱን ያዙት።

«በዳር በኩል!»

«ያውና እኮ ምንጩ! ለምን እንዞራለን?»

«ሳይመረቁ በመሃል አይታለፍም።»

«እኔ ተማሪ አይደለሁም፤ የጥርስ ሐኪም ነኝ።»

«ዛሬ አይደሉም። የነገን ማን ያውቃል?»

የጥርስ ሐኪሙ አደባባዩን በዳር ዞረ። እህቴም ዞረች። እኔም ዞርኩ። ከዚያ ዶቶሬ ከአሮጌ ቤት ጣሪያ ላይ የተሰኩ ሦስት ፍላጻዎች ሊያሳዩን ከአንድ ምሰሶ ሥር አቁመው አንገታችንን ሰበሩት። ሲልቫኖ «አየሁ፣ አየሁ» ባለ ቁጥር «ዓይን መክፈትና ማየት ለየቅል ናቸው!» ይሉታል። ይቺ አባባላቸው ናት። ለጀርመኑም፣ ለፈረንሳዩም፣ ለጳጳሱ መልእክተኛም ብለዋል ይባላል። ምሳ ላይ እህቴ ሳታስበው አስተናጋጁን ስፓጌቲ በራጉ ጠየቀችው። ራጉ የሚባለው የሥጋ ስጎ ታሊያቴሌ ከሚባለው ጠፍጣፋ ፓስታ ጋር እንጂ ከስፓጌቲ ጋር እንደማይቀርብ ለቦሎኛ ሰው መንገር አያስፈልግም። ዶቶሬ ተነሡ፣ ባርኔጣቸውን ደፉ፣ ወጥተው መንገድ ዳር ቆሙ። ትእዛዙ እስኪታረም ድረስ አልተመለሱም።

የመከራው ሁሉ መጨረሻ ማማው ነው። እንግዳውን ወደ ላይ ይሰዱና እሳቸው ከሥር ቆመው ይጠብቃሉ። የወረደውን ሁሉ፣ የሚያውቁትንም የማያውቁትንም፣ ይመረምራሉ።

«እሺ፣ ምን አዩ?» አሉት ሲልቫኖን ላቡን ሳይጠርግ።

«ጣሪያ። ቀይ ጣሪያ።»

«ምን ዓይነት ቀይ?»

«ቀይ ነዋ!»

«ሳን ሉካስ?»

«ሳን ሉካ የቱ ነው?»

ዶቶሬ መርዶ እንደተነገረው ሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሳን ሉካ ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ያለች የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ናት። የቦሎኛ ሰው ከሩቅ መንገድ ሲመለስ እሷን ካየ ቤቱ ገባ ማለት ነው። የኤርሜስ እናትና አባት የተጋቡት እዚያ ነው፤ እሳቸውም ያገቡት እዚያ ነው። «እኔ አክሊሌን ደፍቼ የወጣሁ ቀን ከሁሉ በፊት የማየው ሳን ሉካን ነው» ይሉ ነበር። ምድረ ጎብኚን በመመርመር ብቻ ከላይ የሚታየውን አንድ በአንድ በቃላቸው አጥንተውታል፤ የቀራቸው ማየቱ ነበር።

ሲልቫኖ ያን ቀን ማማውን ሁለቴ ወጣው። ከዚያ ወዲህ በየገናው ቸኮሌት ይልኩልናል እንጂ አይመጡም።

ሥጋ ሻጩ ግላውኮ ይቀልድባቸዋል። «ዶቶሬ፣ ለምረቃዎ ያስቀመጥኩት የሎሬል ቅጠል እየደረቀብኝ ነው፤ ጉበት ልጠቅልልበት ወይስ ልጠብቅዎ?» ይላቸዋል።

«ጠብቅ» ይሉታል ኮስተር ብለው። «ጉበቱ አይቸኩል።»

እኔም ስስቅ ኖርኩ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ መስኮቴ በመንገዱ በኩል ስለሆነ እንግዳ እየነዱ ሲያልፉ አያቸዋለሁ፤ «ምስኪን፣ ዛሬ ደግሞ ማን እጃቸው ላይ ወደቀ» እላለሁ።

ባለፈው መከር አንድ ከሰዓት በሬን አንኳኩ።

«ሲኞራ አርጂያ፣ አንዴ ወደ አደባባዩ ብቅ እንበል።»

«ዶቶሬ፣ እኔ እዚህ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ምን ሊያሳዩኝ ነው?»

«ምንም አላሳይዎትም። ይምጡ ብቻ።»

የወሰዱኝ ከአደባባዩ ዳር ካለው የድሮ ቤተ መንግሥት ቅስት ሥር ነው። እዚያ አንዱ ጥግ ላይ ፊትን ወደ ግድግዳ አዙረው ሲያንሾካሹኩ፣ ድምፁ በቅስቱ ዞሮ ማዶ ጥግ ላለው ሰው በጆሮው ይደርሳል። ፍቅረኞች ይጫወቱበታል፤ ድሮ ደግሞ ካህናት የወረርሽኝ በሽተኞችን በሩቁ የሚያናዝዙበት ነው ይላሉ ዶቶሬ። እንደተቀጣ ተማሪ ፊቴን ወደ ድንጋዩ አዙሬ ቆምኩ። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁ ጎብኚዎች ይሳሳቃሉ። የተለመደውን «ይሰሙኛል ወይ?» እየጠበቅሁ ሳለ ድንጋዩ በዶቶሬ ድምፅ እንዲህ አለኝ።

«ዓይኔ እየጠፋ ነው፣ ሲኞራ። ሐኪሙ ለገና አይደርስም ብሎኛል።»

ዘወር ብዬ አየኋቸው፤ ማዶ ጀርባቸውን ሰጥተው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ፊት ለፊት ሊነግሩኝ አልደፈሩም። እኔም ወደ ግድግዳው ተመለስኩ።

«ምን ሆኖ?»

«የዓይን ግፊት ነው። ዘግይተዋል አለኝ።»

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን? አሁኑኑ ማማው ላይ እንውጣ! እኔ እይዝዎታለሁ!»

«ሳልመረቅ?» አለኝ ድንጋዩ።

«ዶቶሬ፣ ሰባን ከዘለሉ ስንት ጊዜዎ ነው?»

«ፈተናው የካቲት ላይ ነው።»

«የካቲት ላይ አያዩማ!»

«የቃል ፈተና ነው፣ ሲኞራ። ዓይን አይጠይቅም።»

ግንባሬን ድንጋዩ ላይ አስደግፌ አለቀስኩ፤ እልህም ነበረበት። ጎብኚዎቹ ቅስቱ እንዲህ የሚያስለቅስ ጥንታዊ ነገር መስሏቸው ፎቶ አነሡኝ።

ሰፈሩ ያልሞከረው የለም። ግላውኮ መቀለዱን ትቶ «ጓሮዬ ውስጥ እናስመርቅዎት፤ አክሊሉን እኔ እጎነጉናለሁ፤ ከዚያ ይውጡና ይዩ» ብሎ ለመናቸው። «የውሸት ተመርቄ የእውነት ልመለከት?» ብለው ፊት ነሡት። ቄሱን ላክንባቸው። ቄሱ ይህ ሁሉ ተራ አጉል እምነት መሆኑን፣ ኃጢአትም እንደሆነ ረጋ ብለው አስረዷቸው። ዶቶሬ በትዕግሥት አዳመጡና «አባ፣ እርስዎ እዚህ ሲማሩ ማማው ላይ ወጥተው ነበር?» ብለው ጠየቁ። ቄሱ ፊታቸው ቀላ። «አይ... ያኔ እንኳ አልወጣሁም» አሉ። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ሐኪሙ አልተሳሳተም። ከገና በፊት አንድ ጥዋት ደረጃው ላይ አገኘኋቸው፤ መብራት በርቶ ሳለ «ሲኞራ፣ መብራቱን ማን አጠፋው?» አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ መንገድ ላይ እንግዳ የሚይዝ ጠፋ። ጎብኚው አደባባዩን እንዳሻው በመሃል እየቆረጠ ያልፋል፣ ማማውን ወጥቶ ይወርዳል፣ የሚጠይቀው ሰው የለም። ፍጻሜያቸውን ስመኘው የኖርኩት ጉብኝቶች እንዲህ ሲያልቁ ደስ አላለኝም። ከተማው ባዶ ሆነብኝ፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ክረምቱን ሙሉ የስፌት መኪናዬን አቁሜ የሮማውያንን ሕግ አነበብኩላቸው። ለአንድ ሱሪ የሚበቃ ነገር እንኳ አልገባኝም። እሳቸው ግን አንዱን አንቀጽ ሁለቴ ከሰሙት ይዘውታል። ተስፋ ማድረግ ጀመርኩ፤ ከሁሉ የከፋው ስህተቴ እሱ ነው።

በየካቲት እጃቸውን ይዤ ወሰድኳቸው። ፈተናው በሰው ፊት ስለሆነ ከኋላ ወንበር ቁጭ አልኩ። ፈታኟ የልጅ ልጃቸው ልትሆን የምትችል ወጣት መምህርት ናት። ስለ ውርስ ጠየቀቻቸው። አጀማመራቸው ማለፊያ ነበር፤ ውስጤ «አበጁ!» አለ። ከዚያ ለምሳሌ ያህል ማማውን ያሠራውን ቤተሰብ አነሡ። ከቤተሰቡ ወደ ማማው፣ ከማማው ወደ ድንጋዩ፣ ከድንጋዩ ወደ ጡቡ አለፉ። ከወንበራቸው ተነሥተው ከግድግዳው ባሻገር ወዳለው ማማ ማመልከት ጀመሩ።

«ቬንቱሮሊ፣ ይቅርታ፤ የጠየቅሁዎት ስለ ማማው አይደለም» አለቻቸው።

«እደርስበታለሁ፣ ፕሮፌሶሬሳ። መጀመሪያ ይዩት።»

አልደረሱበትም። ልጅቷ የፈተና መዝገቧን ዘግታ «በሰኔ ቢመለሱ ይሻላል» አለቻቸው። አመስግነዋት ወጡ።

ደጅ ከተማውን ጉም ውጦታል። ምን ብዬ እንደማጽናናቸው ሳብሰለስል «ወደ ማማው ይውሰዱኝ» አሉኝ።

«አልተመረቁም እኮ፣ ዶቶሬ።»

«አስቤበታለሁ። ሕግ የሚተረጎመው በዓላማው ነው። የክልከላው ዓላማ ምንድን ነው? ተማሪ ከመመረቁ በፊት ከተማውን ከላይ ሆኖ እንዳያይ ነው። እኔ አላይም። ስለዚህ አይመለከተኝም፤ በሰኔም አይጎዳኝም።»

«ይኼን ለመምህርቷ ቢሉላት ኖሮ አልፈው ነበር!»

ወጣን። የእንጨቱ ደረጃ በግድግዳው ዙሪያ ይጠማዘዛል፤ ከስንት ዘመን እግር የተነሣ መሃል መሃሉ ተበልቷል። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ኮታቸውን ጨብጬ፣ በየእረፍቱ እያቃሰትን ወጣን። ላይ ስንደርስ ሁለት ወጣት ጎብኚዎች ብቻ ነበሩ፤ ጉሙ ውስጥ ተኮራምተው ሊወርዱ ሲሉ ደረስን።

«ምንም አይታይም» አለ ወንዱ።

«ማነው ምንም አይታይም ያለው?» አሉ ዶቶሬ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው። «ወደዚህ ቅረቡ።»

ጀመሩ። ጣሪያዎቹን፣ የጣሪያዎቹን ቅላት ዓይነት በዓይነት፣ በቤቶች መካከል የተደበቀውን የውሃ ቦይ፣ ያልተጠናቀቀውን የታላቁን ቤተ ክርስቲያን ግንባር ሁሉ በየተራ አሳዩ። መጀመሪያ ሲስቁ የነበሩት ልጆች ሳቁን ትተው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ በነጩ ጉም ውስጥ ጣታቸውን ይከተላሉ። በመጨረሻ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ክንዳቸውን ዘረጉ።

«ያቺ ደግሞ ሳን ሉካ ናት።»

ጠመዝማዛው ደረጃ አቅጣጫ አዛብቶባቸው ኖሯል፤ ያመለከቱት ወደ ባቡር ጣቢያው ነበር። ያን ሰው ስህተት ላይ ለመያዝ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቅ ኖሬያለሁ፤ ይኸው በእጄ ገባ። በዚያ ጉም ልጆቹ አያውቁም፣ እሳቸውም አያውቁም። ብተወው የሚጎዳ አልነበረም። እኔ ግን ልተወው አልቻልኩም። ከሥራችን ብቅ ያለችውን አጭሯን ማማ አይቼ አቅጣጫውን ለየሁ፤ ትከሻቸውን ያዝኩ።

«እዚህ ጋ ወለሉ ያንሸራትታል፣ ዶቶሬ። ትንሽ ዞር ይበሉልኝ። ትንሽ... አሁንም ትንሽ።»

ክንዳቸው እንደተዘረጋ ዞሩ።

«በእርግጥ እዚህ ላይ ነው የቆምኩት? ከማማው ላይ ሆኜ ነው የማሳየው?» አሉ ዶቶሬ።

«እዚህ ነው።»

ጉንጫቸው ላይ የወረደውን የጉሙ እርጥበት ነው ለማለት ሞከርኩ።

«ሲኞራ አርጂያ፣ በሰኔ የሚጠይቅ ቢኖር፣ ኤርሜስ ወጣ እንጂ አላያትም ብለው ይመስክሩልኝ።»

«እመሰክራለሁ» አልኳቸው፤ ጣታቸው ከኮረብታው ላይ እንዳይወርድ ክንዳቸውን በሁለት እጄ ደግፌ ይዤ።