ጭቅናዬን የፈለጉ በሬዎች

ትናንት ማታ ስተኛ ሰው ነበርኩ። በሕልሜ ግን ከብት ተራ መሐል አንገቴ ላይ ገመድ ታስሮ ቆሜ ገዢ እጠብቃለሁ። ግራና ቀኜ የሰፈሬ ሰዎች በየእንጨቱ ታስረዋል። በሬዎቹ ደግሞ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን በብብታቸው ሸጉጠው በመካከላችን ይንጎራደዳሉ። አንዱን ሰው ቂጡን ቸብ ቸብ ያደርጉታል፤ የሌላውን አፉን ከፍተው ጥርሱን ያያሉ፤ ይከራከራሉ፣ ጥለው ይሄዳሉ፣ ደግሞ ይመለሳሉ። በሬ ካራጁ ይውላል ሲባል እሰማ ነበር እንጂ፣ ነገሩ ተገልብጦ እኔው ላይ ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የገረመኝ መታሰሬ አይደለም። የገረመኝ ማንም ገዢ ዞር ብሎ እኔን አለማየቱ ነው። አጠገቤ የታሰረው ጎረቤቴ ከፍያለው ነበር፤ እህል ነጋዴ ነው፣ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ቤት የሚገባ። በሬዎቹ እሱን ከበው ሊጣሉ ደረሱ። የፋሲካ ሰው ማለት ይሄ ነው እያሉ ሆዱን ይዳብሳሉ። እኔ ጋ ሲደርሱ አንዱ ወይፈን ይሄ ደግሞ ለምን መጣ ብሎ ጓደኛውን ጠየቀና አለፉኝ። መቼስ ሰው አልታረድም ብሎ አይቆጣም። እኔ ግን ተቆጣሁ። ደረቴን ነፋሁ፣ ሆዴን ወደ ውስጥ ሳብኩ፣ በእግሬ ጣት ቆምኩ።

ሕልሙ ዝም ብሎ ከሰማይ አልወረደም፤ መነሻ አለው። ስሜ ድንበሩ ነው። ዕድሜ ልኬን የስፖርት መምህር ነበርኩ፤ ፊሽካ እየነፋሁ፣ ተነሥ ተቀመጥ እያልኩ ያላስለፋሁት የከተማችን ልጅ የለም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የቀረችኝ ማዕረግ አንዲት ናት። የሰፈራችን ሰው ለፋሲካ ቅርጫ ሲገባ በሬውን ቀንዱን ይዤ የምጥለው እኔ ነኝ። ሌላው ይግፈፍ፣ ሌላው ይመድብ፣ ሌላው ዕጣ ያውጣ፤ መጣሉ የእኔ ነው። ይቺ ከተነጠቀችኝ በሰፈሩ ውስጥ ድንበሩ የሚባል ሰው መኖሩን የሚያስታውስ አይኖርም።

ታዲያ በዚህ ሁዳዴ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቅሁ። ለባለቤቴ ለየሺእመቤት ሳሙና አዳለጠኝ አልኳት። አመነችኝ። በሳምንቱ በረንዳ ላይ ስወድቅም ሳሙና ነው አልኳት። በረንዳ ላይ ሳሙና ምን ይሠራል ብላ አልጠየቀችኝም፤ ነጠላዋን አጣፍታ ሆስፒታል ወሰደችኝ። እዚያ ዶክተር ፌቨን የምትባል ልጅ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችኝና እጆችዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው ይነሡ አለችኝ። እንግዲህ እኔን ነው። ወንበሩ ዝቅ ያለ ነው አልኳት። ሌላ ወንበር አመጣችልኝ። እሱም ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ወገብዎን ፎቶ እናንሣው አለች። ሲቲ ስካን የሚሉት ነው፤ ሰውየውን ሳይነኩት እንደ ዳቦ ቆርጠው ውስጡን ያዩታል። ከዕድሜ ጋር ሥጋ ይመነምናል፣ ልብስና ስብ ስለሚሸፍነው በዓይን አይታወቅም፣ በፎቶ ግን ተለክቶ ይታወቃል ብላ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ቀጥላ የሌላ ሰው ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ አሳየችኝ፤ ካከርካሪው ግራና ቀኝ ሁለት ድቡልቡል ነገሮች አሉ። እኔ የቅርጫ ሰው አይደለሁ፣ አወቅኋቸው። ይቺማ ጭቅና ናት አልኩ። ዶክተሯ ሳቀች፤ የሺ በኀፍረት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ቀጠሮው ለጸሎተ ሐሙስ ሆነ። እኔም ለዚያው ለሐሙስ ከከፍያለው ጋር የቅርጫውን በሬ ልንገዛ ከብት ተራ ተቀጣጠርኩ። ፎቶውን ፈርቼ አይደለም እያልኩ ለራሴ ምዬ ተገዝቻለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ፈርቼ ነው። የሺ ከሆስፒታል ስንመለስ በሩ ላይ ቆማ፣ ፎቶው ሥጋ የለህም ካለ ዘንድሮ ቀንድ አትይዝም ብላኛለች። የሺ ደግሞ ያለችውን አትረሳም። ሕልሙ የመጣው በሐሙስ ዋዜማ ነው።

እንግዲህ ከብት ተራው ውስጥ ደረቴን ነፍቼ ቆሜ ሳለሁ ጉራች የሚባል ሽማግሌ በሬ መነጽሩን አድርጎ መጣ። የበሬዎቹ ቅርጫ ሰብሳቢ እሱ ነው። ጭኔን በሰኮናው ጫን ጫን አደረገና ቆም ብሎ አሰበ።

"ይሄ ሱሪ ነው እግር?" አለኝ።

"እግር ነው፣ ጌታዬ።"

"ሱሪው ይሻላል" አለ።

ከዚያ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ ምክር ጀመረ። ድሮ እየዳበስን ስንገዛ ስንቴ ተታለልን፣ ሆድ አይተን ሥጋ መስሎን ስንት ሰው ቤታችን አስገብተን አፈርን፣ አሁን ፎቶ የሚባል ነገር መጥቷል፣ ፎቶ ያልተነሣ ሰው የሚገዛ በሬ ሞኝ ነው አላቸው። በሬዎቹ እውነት ነው እያሉ አንገታቸውን ነቀነቁ።

ወዲያው ሆስፒታል ነበርን። እንዴት እንደደረስን እኔ እንጃ። አግዳሚው ላይ ሐኪሞች ነጭ ጋውናቸውን ለብሰው ተራ ይጠብቃሉ፤ ስማቸውን የምትጠራው አንዲት ጊደር ናት፣ እሷም ጠርታ ጠርታ ሲሰለቻት ወጥታ ሣር ትግጣለች። ዶክተር ፌቨንም ከታማሚዎቹ መሐል አለች። እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ከአግዳሚው ለመነሣት ትታገላለች። ወንበሩ ዝቅ ያለ ነው ጋሼ አለችኝ። አዘንኩላት፤ ትንሽም ደስ አለኝ።

መጀመሪያ ከፍያለው ገባ። ፎቶ አንሺው ቡሬ የሚባል፣ እያመሰኳ የሚሠራ በሬ ነው። ትንፋሽ ያዝ ይልና ማመስኳቱን ይቀጥላል፤ ልቀቅ ማለቱን ይረሳዋል። ከፍያለው ፊቱ ቲማቲም ሲመስል ነው ያስታወሰው። ፎቶው ሲመጣ ሁሉም አንገታቸውን አስግገው ከበቡት። ለካ በፎቶ ዓለም ሁሉ ነገር ተገላቢጦሽ ኖሯል፤ ሉካንዳ ቤት ነጭ ሆኖ የምናውቀው ጮማ እዚያ ጥቁር ነው። የከፍያለው ወገብ ከዳር እስከ ዳር ጠቁሯል፣ መሐሉ ላይ ቅንጥብጣቢ ሥጋ አለች። ይሄ ሁሉ ሆድ ሥጋው ይቺ ብቻ ናት ወይ ብሎ ጉራች አዘነ። ከፍያለው አቀረቀረ። እኔ ሣቄን በእጄ አፈንኩ፤ ብዙም አልቆየልኝም፤ ቀጥሎ የእኔ ተራ ነበር።

ገባሁ፣ ተኛሁ፣ ትንፋሼን ያዝኩ። ቡሬ ፎቶዬን አየው፣ ዘቅዝቆ አየው፣ ወደ መስኮቱ ወስዶ አየው። ከዚያ ማመስኳቱን አቆመና ጭቅናውን አላገኘሁትም አለ። ሌሎች በሬዎች ተጠሩ። አንዱ ይቻት ሲል ሌላው እሷማ ኩላሊት ናት ብሎ ያርመዋል። ጉራች መነጽሩን አወለቀ፣ በካፖርቱ ጫፍ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። በመጨረሻ ካከርካሪዬ ግራና ቀኝ ሁለት የባቄላ ፍሬ የሚያካክሉ ነገሮች ተገኙልኝ። ይቺን ለስንት መደብ ልናካፍላት ነው ብለው የቅርጫው አባላት ተንጫጩ። ለዕጣ ቅጠል ይዘው የመጡት በንዴት ቅጠላቸውን በሉት።

"ጾም ነው እኮ ያከሳኝ" አልኩ። "ሥጋና ወተት ካየሁ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው።"

ጉራች ረጋ ብሎ አየኝ። "እኛ ተወልደን እስክንሞት ሥጋ ቀምሰን አናውቅም" አለኝ። "የእኛን ጭቅና ግን አንተ በየዓመቱ ታውቃታለህ።"

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት። ምላሴ ግን እግሬን አይመስልም፣ እሷ መቼም ደክማ አታውቅም። የስፖርት መምህር መሆኔን፣ ፎቶ ውሸታም መሆኑን፣ ጉልበት የሚታየው ሜዳ ላይ መሆኑን ደሰኮርኩላቸው። ሜዳ የሚለውን ሳልጨርስ የድሮው ትምህርት ቤቴ ሜዳ ላይ ተገኘን። ጥጆች ቁምጣ ለብሰው ተሰልፈዋል። ፊሽካዬ ጉራች አንገት ላይ ተንጠልጥላለች። ወንበር አመጡና ተቀመጥኩ። ጉራች ፊሽካዋን ነፋና ተነሥ አለኝ።

አልተነሣሁም። ወደ ፊት ተወዛወዝኩ፣ ወደ ኋላ ተወዛወዝኩ፣ በአፍንጫዬ አየር ሳብኩ፤ ቂጤ ከወንበሩ ጋር ተማክሮ እንቢ አለ። ጥጆቹ ተንከተከቱ። ጉራች አንገቱን እየነቀነቀ፣ በሬዎች በእኛ ላይ የሚተርቱትን ተረት ተረተብኝ፤ ሰው ሆይ ሰው ሆይ፣ መቀመጫውን አየህና መነሻውን ሳታይ።

"አምና ከእናንተ አንዱን ቀንዱን ይዤ ጥያለሁ" አልኩት። አመለጠኝ እንጂ በበሬ ሸንጎ ፊት የሚባል ነገር አልነበረም።

ጉራች ቀረበኝ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጣም።

"ወንድሜ ነበር" አለኝ። "ቀንዱን መያዝህ እውነት ነው። ገመዱን ግን ከኋላ ጎረምሶች ይስቡ ነበር። ወንድሜ ቀንዱን የሰጠህ እንድትጥለው አይደለም። እንዳትወድቅ ደግፎህ ነው።"

ይህን አውቅ ነበር። ጎረምሶቹንም አይቻቸዋለሁ፤ ያየሁትን ለራሴ አልነገርኩትም እንጂ። ሰው ካረጀ በኋላ የሚያሳፍረው ማርጀቱ አይደለም፤ ሁሉም እያወቀበት እሱ ብቻ ሲደብቅ መክረሙ ነው። እንባዬ መጣ። በጥጃ ፊት ማልቀስ ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል።

ሁለት ወይፈኖች በገመዴ ስበው አቆሙኝ። እኔም መለመን ጀመርኩ። ማሩኝ፣ አትረዱኝ ብሎ የሚለምን ሞልቷል፤ እኔ ልታረድ ብዬ ለመንኩ። ጭቅናው ይቅር፣ ቅልጥም አለኝ፣ እሱም ካነሰ ለመረቅ እሆናለሁ አልኳቸው። እንዲያው ከቅርጫው አታስወጡኝ አልኩ። በሬዎቹ ራስ ለራስ ገጥመው ተመካከሩ።

"አይታረድም" አለ ጉራች። "ፍቱትና ቤቱ ይሂድ። ይብላ። እንዳስተማረው እሱም ተነሥ ተቀመጥ ይበል። ለከርሞ ፎቶ ተነሥቶ ሲመጣ እናየዋለን።"

ይህን ብሎ ገመዱን ከአንገቴ ፈታው። ለካ ያቆመኝ ገመዱ ኖሯል። ወደቅሁ።

ስነቃ እውነትም ወድቄአለሁ። አልጋው ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ጋቢዬ እግሬ ላይ ተጠምጥሞ ተዘርግቻለሁ። ነግቷል። የአልጋውን ጠርዝ ይዤ ሞከርኩ፤ አልጋው ወደ እኔ መጣ እንጂ እኔ ወደ አልጋው አልሄድኩም። የሺ ድምፅ ሰምታ ከጓዳ መጣችና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከላይ ወደ ታች አየችኝ።

"የዛሬውስ ሳሙና የት አለ?" አለችኝ።

ጾሙን አሰብኩ፣ ጋቢውን አሰብኩ፣ አልጋው ዝቅ ያለ ነው ልላትም ቃጣኝ። "የሺ፣ መነሣት አቃተኝ" አልኳት። ይቺ ቃል ከአፌ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። የየሺ ፊት ተለዋወጠ፤ ቀልዱን ወዲያው ተወችው። ጎንበስ ብላ በብብቴ ሥር ያዘችኝና በል ባንድ ላይ ብላ ሳበችኝ። እኔ ትንሽ ከፍ አልኩ፣ እሷ ትንሽ ዝቅ አለች፤ ከዚያ ጉልበቷ ከዳትና አጠገቤ ዘጭ አለች። ሲሚንቶው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ተያየን።

"ያንቺስ ሳሙና?" አልኳት።

ትሳቅ ታልቅስ ሳይለይልኝ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ትንፋሿ ሲመለስ፣ ዛሬ ሁለታችንም ፎቶ እንነሣለን፣ መጀመሪያ ከዚህ የሚያነሣን ከተገኘ አለችኝ።

ይህን ስትል የግቢያችን በር ተንኳኳ። ከፍያለው ነው፤ ከብት ተራ ሊወስደኝ የመጣ። ጋሽ ድንበሩ ይነሡ እንጂ ረፈደ እያለ ይጣራል። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ጉንፋን ይዞኛል ልበለው ብዬ አሰብኩና የሺን አየኋት፤ እሷም አየችኝ።

"ከፍያለው፣ ወድቀን ነው" ብዬ ጮክ አልኩ። "መነሣት አቅቶናል። አጥሩን ዘለህ ግባና አንሣን።"

ከዚያ የቆርቆሮው አጥር ተንቋቋ፣ ሲያቃስትም ሰማነው፣ ቀጥሎ አንድ ከባድ ነገር ዘጭ አለ፤ በውጭ በኩል ነው እንጂ በውስጥ አይደለም። ጆሯችንን ሰጥተን ጠበቅን።

"ጋሽ ድንበሩ" አለ ከፍያለው ከመሬት። "እዚህ ጋ የሳሙና ውሃ የደፋ ሰው አለ መሰለኝ፤ አዳለጠኝ።"