የኦቦ ጉተማ ዕድለኛ መኪና

ነቀምቴ ውስጥ የዕድልን ነገር እንደኛ በረንዳ ልብስ ሰፊዎች አብጠርጥሮ የሚያውቅ የለም። ሰው ሲሳካለት ምክንያቱን የምንነግረው ሥራ ፈትተን የተቀመጥነው እኛ ነን። እሱ ራሱ ምን ያውቃል?

ኦቦ ጉተማ ከአጠገቤ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። የአውራጃ ገዢውን ኮት ሰፍተው ስማቸው ተጠራና ሱቅ ከፈቱ። "ዕድላቸው ያለው የስፌት መኪናቸው ላይ ነው" ብለን በአንድ ድምፅ ፈረድን። እኔማ መኪና እንድንለዋወጥ ለመንኳቸው።

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ የኔ እኮ ያረጀ ነው። ያንተ እንደ አዲስ ነው።"

"ግድ የለም ኦቦ፣ ብቻ እሺ ይበሉኝ።"

መኪናውን እንደ ሙሽራ አጅበን አመጣነው። ሦስት ቀን ሙሉ ዕድሉን ስጠብቅ ከፊቱ ተቀመጥኩ። የመጣ ቢኖር ዝንብ ነው።

በአራተኛው ቀን መርፌ ወድቆብኝ ጎንበስ ስል የእግር መርገጫውን አየሁት። የኔ መኪና መርገጫ ላይ የብረት አበባው ከነቅጠሉ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። የሳቸው ግን ሁለት እግር በሚያርፍበት ቦታ አልቆ ልሙጥ ሆኗል፤ ከአበባው የተረፈች ጥግ ላይ ያለች አንዲት ቅጠል ብቻ ናት። ብረት እንዲህ እስኪያልቅ ስንት ኮት ተሰፍቷል? ያን ሁሉ ዘመን እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሳወራ ነበር።

አፍሬ መርገጥ ጀመርኩ። ይኸው ዛሬ የሚሰፋ ጨርቅ ከፊቴ ተከምሯል፤ ከአበባው ተርፋ የነበረችው አንዲት ቅጠልም ጠፍታለች።

ትናንት አንዱ የበረንዳ ጓደኛዬ መኪናዬን ትክ ብሎ አየና፣ "አንተ መቼም ዕድለኛ ነህ፣ ለምን አንለዋወጥም?" አለኝ።

እሺ አልኩት። የሱ አበባ ገና አልተነካም።